የተቃናች እጅ ወዴት ትሂድ?



«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንተርተው ልኩን ያለፈን ሰው ለመገሠጽ ነው እንጂ በሽተኛ አስበን አይደለም። ሆኖም ቃሉን ረጋ ብላችሁ ብትመረምሩት የሚናገረው ስለ እጅ ነው፤ ወደ ትሪው እንዳትዘረጋ ስለ ተከለከለች እጅ። እኛ ከአንድ ማዕድ የምንቆርስ፣ በእጃችን የምንጎራረስ ሕዝብ ነን። በእኛ ዘንድ ከማዕድ የተለየ ከሰው ተለየ ማለት ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህችን እጅ ለማቃናት ስለ ተደከመበት ሥራ ነው፤ ማለትም በሥጋ ደዌ አካላቸው ለተጎዳ ድሆች በበጎ አድራጎት ስለ ተሰጠው ቀዶ ሕክምና። ታሪኩ ከደቡብ ሕንድ ተነሥቶ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያም ባላሰብነው መንገድ ብዙዎቻችን ወደምንኖርበት ወደ አሜሪካ ይሻገራል። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የሥጋ ደዌን ተሕዋስ በበርገን ከተማ ያገኘው በ1873 ነበር። በሽታው ከተሕዋስ እንጂ ከእርግማን ወይም ከዘር እንደማይመጣ ከዚያ ወዲህ ለሳይንስ ግልጽ ሆኗል። በአገራችን ግን «የዘር ነው»፣ «የእርግማን ነው» የሚለው እምነት ከመቶ ዓመት በላይ ተከትሎን መጥቷል። ይህን ስል ወገናችን ርኅራኄ የለውም ማለቴ አይደለም። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ሥጋው ቆስሎ፣ ማንም ሳያውቀው በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ የኖረውን ገብረ ክርስቶስን ቅዱስ ብላ የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ያለችን ሕዝብ ነን። ለቁስለኛው እንመጸውታለን፤ ስሙንም በጸሎት እንጠራለን። የምንመጸውተው ግን በደጅ ነው። ከደጅ ወደ ውስጥ ማስገባቱ ላይ ነው የምንደክመው።

ለሕመምተኞቹ የተለየ መጠለያ መሥራት የተጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ነው። በሐረር የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1901 መጠለያ ከፈቱ። በአዲስ አበባ ዳርቻ በ1930ዎቹ የተሠራው ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። ከሐረር ወጣ ብሎ በሚገኘው በቢሲዲሞ ደግሞ የጀርመን በጎ አድራጊዎች በ1958 ሌላ ማዕከል አቋቋሙ። እነዚህ ቦታዎች ለተባረረው ጣሪያ፣ ለተራበው እህል ሰጥተዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ1940ዎቹ ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት መጣ። መድኃኒቱ ተሕዋሱን ገታ። ነገር ግን የታጠፈ ጣት አላቃናም፤ የወደቀ አፍንጫም አላነሣም። ሐኪሙ «ድነሃል፣ ወደ ቀዬህ ተመለስ» ቢለውም፣ የቀዬው ሰው የሚያየው ጣቱንና ፊቱን ነው እንጂ የላቦራቶሪውን ውጤት አይደለም። ስለዚህ ተሕዋሱ ከሰውነቱ ከጠፋ በኋላም ሰውዬው በመንደሩ ዓይን በሽተኛ እንደሆነ ይቀራል። ቀዶ ሕክምናው የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሕንድ እንሂድ። ፖል ብራንድ በ1914 በደቡብ ሕንድ በኮሊ ተራሮች ላይ ከእንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን ተወለደ። ሐኪም ከመሆኑ አስቀድሞ በእንግሊዝ አገር የግንባታና የአናጺነት ሙያ ተምሯል። ሕክምናን በለንደን አጠናቆ በ1946 ወደ ሕንድ ተመለሰና በቬሎር ከተማ በሚገኘው የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ቀዶ ሕክምና ማስተማር ጀመረ። በዓመቱ፣ በ1947፣ ዶክተር ሮበርት ኮክሬን ይመራው የነበረውን የቺንግልፑት የሥጋ ደዌ ማዕከል ሊጎበኝ ሄደ።

በዚያ ጉብኝት የሆነውን ብራንድ ዕድሜውን ሙሉ ሲተርከው ኖሯል። ጣቶቹ እንደ አሞራ ጥፍር ቆልመም ያሉ አንድ ሕመምተኛ አገኘና እጁን ሰጥቶ እንዲጨብጠው ጠየቀው። የጠበቀው የላላ፣ የሞተ ጭብጥ ነበር። ሰውዬው ግን አጥብቆ ጨመቀው፤ ብራንድም ከሕመሙ የተነሣ ጮኸ። ሕመሙ ሲበርድለት አንድ ነገር ገባው፤ በዚህ ሽባ በሚመስል እጅ ውስጥ ብርቱ ጡንቻ አለ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ነርቮችን በይበልጥ የሚጎዳው ወደ ቆዳ ቀርበው በሚያልፉበት ስፍራ፣ ለምሳሌ ከክርን ጀርባና ከእጅ አንጓ አጠገብ ነው። ከዚያ በታች በመዳፍ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚያደርስላቸው ነርቭ ስለሚሞት ይሽመደመዳሉ። በክንድ ውስጥ ካሉት ትላልቅ ጡንቻዎች ግን ብዙዎቹ ደኅና ናቸው። ጣቱ የሚቆለመመው ሥጋው በስብሶ ሳይሆን፣ ወዲህና ወዲያ የሚጎትቱት ኃይሎች ሚዛናቸው ስለ ተዛባ ነው። እንግዲያስ ከክንድ አንድ ጤነኛ ጅማት ተበድሮ ለጣቶቹ ማዋል ይቻላል። ዘዴው በፖሊዮ ለሸቡና በጦርነት ነርቫቸው ለተቆረጠ ሰዎች የታወቀ ነበር። ለሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እንዳይሞከር ያደረገው «ሥጋቸው ቢቀደድ አይጠግም» የሚለው እምነት ነው። ብራንድና ባልደረቦቹ በጥንቃቄ ሞከሩት፤ ቁስሉ እንደማንኛውም ሰው ቁስል ጠገገ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳችሁ። ሐኪሙ ጤነኛውን ጅማት ከቦታው ያላቅቃል። ካስፈለገም ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት ያስረዝመዋል። ጫፉን ለአራት ሰንጥቆ በመዳፍ ውስጥ ያሳልፍና ከአራቱ ጣቶች ጋር ይሰፋዋል። ከዚያ እጁ ለሦስት ሳምንት ያህል በጄሶ ይታሰራል። ጄሶው ሲፈታ የሐኪሙ ሥራ አልቆ የሕመምተኛው ሥራ ይጀምራል። ትናንት ሌላ ነገር ያንቀሳቅስ የነበረውን ጡንቻ ዛሬ ጣት እንዲያቃና ማስተማር አለበት። ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር እየተቀመጠ፣ በየቀኑ፣ እንደ ሕፃን መጨበጥን እንደገና ይማራል። ይህን ትምህርት ያላገኘ እጅ የተሰፋለት ጅማት ብቻውን ብዙ አይረባውም።

እጅ ብቻም አይደለም። ነርቩ ተጎድቶ ጣቶቹ ወደ መሬት ለሚንጠለጠሉበት እግር ከኋላ ያለው ጅማት ወደ ፊት ይዞርለታል። ዓይኑን መክደን ለተሳነው ሰው ደግሞ ከጆሮው በላይ ካለው የማኘኪያ ጡንቻ ቀጭን ቁራጭ ተወስዶ ከዓይኑ ቆብ ጋር ይያያዛል። እንዲህ ያለ ሰው ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን ይከድናል፤ ከዕውርነትም ይድናል። በቬሎር በዓይን ሕክምናው በኩል የደከመችው የብራንድ ባለቤት ዶክተር ማርጋሬት ብራንድ ናት። ለረገፈ ቅንድብ ከራስ ቆዳ ላይ ፀጉር ያለበት ቁራጭ ይዛወራል። «ቅንድብ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ቢኖር፣ በብዙ አገር የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ከሩቅ የሚታወቀው በቅንድቡ እንደሆነ ልብ ይበል። ቅንድብ የሌለው ሰው አውቶቡስ ላይ እንኳ ጎኑ የሚቀመጥ ላያገኝ ይችላል።

የወደቀ አፍንጫ የሚነሣበት ዘዴ የመጣው ደግሞ ከጦር ሜዳ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈራረሰ የእንግሊዝ ወታደሮችን ለመጠገን በ1917 በሲድከፕ አንድ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ዋናው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ ነበር። ያ ለወታደር የተፈለሰፈ ሙያ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሕንድ ውስጥ ለለማኞች ዋለ። በብሪታንያ የሠለጠነው ሕንዳዊው ቀዶ ጠጋኝ ኖሺር አንቲያም በፑኔና በዛሬዋ ሙምባይ ይህንኑ ሙያ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች አውሎታል።

አንባብያን ሆይ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ በሚል ነበር። እውነተኛው ጉዳይ የሚጀምረው ግን አሁን ነው። እጃቸው ከተቃናላቸው ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ከሆስፒታል በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ብራንድ ተመለሱ። አቤቱታቸውም እጃችን ለልመና አልሆነ አለን የሚል ነበር። ቀድሞ የታጠፈ ጣታቸውን የሚያይ መንገደኛ ሳንቲም ይጥልላቸው ነበር። አሁን ጣታቸው ቀና፣ ምጽዋቱ ቀነሰ። የበሽታው ምልክት ግን ፈጽሞ ስላልጠፋ ሥራ የሚሰጣቸው፣ ቤት የሚያከራያቸው አልተገኘም። ሐኪሙ ጣት አቃና፤ አገሩ ግን ለተቃናው ጣት ሥራ አላዘጋጀም። ምጽዋት የታጠፈውን ጣት ይወድ ነበርና ጣቱ ሲቃና ምጽዋቱም ሸሸ።

ብራንድ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ቀዶ ሕክምና የሥራው ግማሽ ብቻ ነው የሚል ነበር። በ1951 በቬሎር የኮሌጁ ግቢ ውስጥ «አዲስ ሕይወት» የተባለ ማዕከል ተከፈተ። በጭቃ በተሠሩ ጎጆዎች የሚኖሩት ሕመምተኞች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የእጅ ሙያ ይማሩ ጀመር። ያ የብራንድ የአናጺነት ትምህርት አሁን ጠቀመ፤ መጋዝና መዶሻ እንዴት እንደሚያዝ ሐኪሙ ራሱ ያሳያቸው ነበር።

ሌላም ምስጢር የተገለጠው በዚሁ ማዕከል ነው። የሕመምተኞቹ ጣት እያደር ያጥራል፤ ሰውም «ሥጋው እየረገፈ ነው» ይላል። ብራንድና ባልደረቦቹ እያንዳንዱን ቁስል «ከምን መጣ?» ብለው መከታተል ያዙ። አንዱ የጋለ ድስት በባዶ እጁ አንሥቷል። ሌላው የዛገ ቁልፍ በኃይል ሲያዞር ሥጋው ተቀዷል፤ አልተሰማውም። አንዳንዱ ግን ማታ ደኅና ተኝቶ ጠዋት ሲነሣ ከጣቱ ቁራጭ ያጣል። ሌሊቱን ቁጭ ተብሎ ሲጠበቅ ነገሩ ታወቀ፤ አይጥ ነበር። አይጥ ጣቱን ሲበላው የተኛው ሰው ሕመም ስለማይሰማው አይነቃም። መፍትሔውም ቀላል ሆነ፤ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሕመምተኛ ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። ለዘመናት «የሚበላ በሽታ» ሲባል የኖረው የሕመም ስሜት ማጣት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የተቃናውን እጅ ጠብቆ ለማቆየት ጓንት፣ እጀታው ረዘም ያለ ማንኪያ፣ ለስላሳ ጫማ፣ ዕለት ዕለት እጅና እግርን መመርመር ከቢላዋው ያላነሰ ዋጋ አላቸው ማለት ነው።

ይህ እውቀት ወደ እኛ አገር የገባው በ1965፣ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ መልሶ ማቋቋሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር «አለርት» የምንለው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲውና የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ተባብረው የመሠረቱት ሲሆን፣ ምሥረታውን ካገዙት ሐኪሞች አንዱ ፖል ብራንድ ነበር። ስሙን ልብ በሉ፤ «መልሶ ማቋቋሚያና ማሠልጠኛ» ይላል። ዓላማው የውጭ ሐኪም መጥቶ ቀዶ እንዲሄድ ብቻ ሳይሆን አፍሪካውያን ባለሙያዎች እንዲማሩበት ነበር። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች በዚያ ሠልጥነዋል። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ፣ የፊዚዮቴራፒው ክፍልና የጫማ መሥሪያው በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ በሐንሰን ስም የተጠራው የምርምር ተቋም ከጎኑ ተከፈተ። ዛሬ አለርት በመንግሥት የሚተዳደር፣ ሥጋ ደዌ ላልያዛቸው ሰዎችም የሚያገለግል ትልቅ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒቱም ተሻሽሏል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 የተለያዩ መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ፤ አገራችን በ1983 ጀመረችው። ከ1995 ወዲህ መድኃኒቱ በዓለም ዙሪያ በነጻ ይሰጣል። እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት የወሰደው ሰው ይድናል፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰው ደግሞ በሽታውን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ ያህል በተፈጥሮው በሽታውን ይቋቋማል። ይህም ሆኖ አገራችን ውስጥ ዛሬም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ ሕመምተኞች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ የሚመጡት ነርቫቸው ከተጎዳ በኋላ ነው። ያዘገያቸው ብዙ ጊዜ እፍረትና ፍርሃት ነው፤ ማለትም እኛ።

ቬሎር ላይ የታየው ነገር አዲስ አበባም ላይ በሌላ መልክ ታየ። ታክመው የዳኑት ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። ቢመለሱ የሚቀበላቸው አልነበረም፤ ርስቱም በሌላ ተይዟል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ወልደውና ከብደው ቀሩ። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ የሆነው ቆሼ የሚገኘው በዚያው አካባቢ ነው፤ ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ ኑሯቸውን ከቆሻሻው መካከል ይለቅሙ ነበር። በመጋቢት 2017 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ሲቀብር ዜናውን ሁላችንም ሰምተን አልቅሰናል። ያን ሰፈር እዚያ ያቆመው ድህነት ብቻ እንዳልሆነ ግን ስንቶቻችን አሰብን? ሆስፒታሉ ካዳናቸው በኋላ ሌላው የአገሩ ሰው «ግቡ» ስላላላቸው ጭምር ነው እዚያ የተሰበሰቡት። እነርሱም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1996 ሥጋ ደዌ ያጠቃቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቁመው ስለ ራሳቸው ራሳቸው መናገር ጀምረዋል።

አሁን ደግሞ ታሪኩ ወደ እኛ ደጅ እንደሚመጣ ቀደም ብዬ ያልኳችሁን ልፈጽም። ብራንድ በ1966 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት በካርቪል በነበረው የመንግሥት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሠራ። በዚያም አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፤ የስኳር በሽታ ያደነዘዘው እግር ሥጋ ደዌ ካደነዘዘው እግር ጋር በአንድ መንገድ ይቆስላል። ከሕንድ ድሆች የተገኘው የጄሶ አስተሳሰር፣ የጫማ አሠራር፣ እግርን በየቀኑ የመመርመር ልማድ ለስኳር ሕመምተኞች ዋለ። ስኳር ያለባችሁ አንባብያን፣ ሐኪማችሁ ውስጥ እግራችሁን በቀጭን የናይለን ክር እየነካ «ይሰማዎታል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ያንን ምርመራ ካስፋፉት ቦታዎች አንዱ ካርቪል መሆኑን አስታውሱ። ብራንድ በ2003 በሲያትል ከተማ ዐረፈ። እኛ አብረናቸው ልንበላ የፈራናቸው ሰዎች ያስተማሩት ትምህርት ዛሬ የእናቶቻችንንና የአባቶቻችንን እግር ከመቆረጥ ያድናል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በየጊዜው በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበራችን ለአገር ቤት ሕመምተኞች ገንዘብ እናዋጣለን። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ለተወለደ ሕፃን፣ እሳት ለፈጀው ፊት፣ ለቆለመመ እግር ቀዶ ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞች ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ይሄዳሉ። ሥራቸው የተባረከ ነው፤ እኔም ስጡ እንጂ አትስጡ አልልም። ነገር ግን ስትሰጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሐኪሙ ከተመለሰ በኋላ ሕመምተኛውን የሚከታተለው ማን ነው? በአገሩ ያለ ባለሙያ ሙያውን አብሮ እየተማረ ነው ወይ? ሕመምተኛው ሲድን ወዴት ይሄዳል፤ ምንስ ይሠራል? ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ ልብ ይነካል። ከሁለተኛው ፎቶግራፍ በኋላ ያለውን ሕይወት ግን ማንም ፎቶ አያነሣውም።

አራተኛው ጉዳይ ገንዘብ አይጠይቅም። አገር ቤት ስትሄዱ፣ ወይም ከዘመድ ጋር በስልክ ስታወሩ፣ በሥጋ ደዌ ስለ ተያዘ ሰው ወሬ ቢነሣ «ይድናል፣ መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ቶሎ ይሂድ» በሉ። የዳነውንም አብራችሁት ብሉ። ልጆቻችሁ እያዩ አጉርሱት፤ እርሱም ያጉርሳችሁ። ሐኪሞቹ ሰባ ዓመት ሙሉ ጅማት እየሰፉ ያቃኑት ጣት የሚፈልገው እንጀራ መቁረስ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚፈቅድለት ቀዶ ጠጋኙ ሳይሆን ከማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ነው።